«ፕሮባብሊ» ስንት ነው?

ጎንደር ለጥምቀት በገባሁ ቁጥር፣ ጥር 12 ሚካኤል ገብቶ ከተማው ጋብ ሲል የሚጠብቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «የከርሞውንስ ትመጣለህ?» አፌ ለምዶ «ፕሮባብሊ» ሲል እናቴ ትቆጣለች። «እሱን ተወውና በሰው አፍ ንገረኝ!»

«ሳልመጣ አልቀርም እማዬ» ስላት ፊቷ ይፈታል። «ምናልባት» ብላት ግን ቀረ ብላ ትደመድማለች።

ልክ ናት። እንግሊዝኛውም ያው ነው። «ሜይቢ» ወዲህም ወዲያም ነው፤ «ፕሮባብሊ» ወደ «አዎ» ያጋደለ ነው። አለቃችሁ «ፕሮባብሊ ቅዳሜ ትገባለህ» ካለ የቅዳሜውን ሰርግ እርሱት። «ፕሮባብሊ ኖት» ካለ ደግሞ በጨዋ ደንብ «አይሆንም» ብሏል፤ ደጅ አትጥኑ።

ፈረንጆቹም እርስ በርስ ሁልጊዜ አይግባቡም። በ1951 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የስለላ ተንታኞች ዩጎዝላቪያ ልትወረር የምትችልበት «ሲሪየስ ፖሲቢሊቲ» (የምር ዕድል) አለ ብለው ጻፉ። ከእነሱ አንዱ ሸርማን ኬንት ኋላ ባልደረቦቹን ምን ማለታችሁ ነበር ሲል፣ መልሱ ከ20 እስከ 80 በመቶ ተበተነ! በ1964 በጻፈው ላይ «ፕሮባብል» 75 በመቶ ገደማ ይሁን አለ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የማስተርጎም ሥራዬ ነው። ጥገኝነት ጠያቂ «ብትመለስ ምን ይገጥምሃል?» ሲባል «ያስሩኝ ይሆናል»፣ «ሊያስሩኝ ይችላሉ»፣ ወይም «ሳያስሩኝ አይቀሩም» ይላል። ሦስቱ አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱ ያለው ደግሞ ግሱ ጫፍ ላይ ነው፤ ሳያስጨርስ የሚተረጉም ሰው ያመልጠዋል። ሁሉንም «ሜይቢ» ብሎ የሚገላገል አስተርጓሚ ሰምቻለሁ፤ ያበሳጨኛል።

ምክንያቱም ሕጉ ራሱ ይለካል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 እ.ኤ.አ. እንዳለው፣ ለጥገኝነት ስጋቱ መሠረት ይኑረው እንጂ ዕድሉ የግድ ከግማሽ በላይ ይሁን አይባልም፤ 10 በመቶም ሊበቃ ይችላል። ከገባ አንድ ዓመት አልፎት ጥገኝነቱ የተዘጋበት ሰው ወደ አገሩ እንዳይመለስ የሚጠይቀው ከለላ ግን ከ50 በመቶ በላይ ይፈልጋል። እዚህ ላይ «ሳያስሩኝ አይቀሩም» ያለው ሰው «ሜይቢ» ተብሎ ከተተረጎመለት ጉዳዩ ተበላሸ ማለት ነው።

እንግሊዝኛ ትንሽ የምትሰሙ፣ አስተርጓሚው ቃላችሁን ሲያሳንሰው ከሰማችሁ በይሉኝታ አትለፉት፤ እዚያው ለዳኛው «ያልኩት እንደዚያ አይደለም» በሉ።