ፋሲካን እቤት፦ ወጥ ሠሪዋም አብራ የምትቀመጥበት በዓል

በብዙ ቤት የፋሲካ እሑድ የሚያልፈው እንዲህ ነው። ልጆቹ ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩለዋል፣ አባት ከመጣው ሰው ጋር ይጫወታል፣ እናት ደግሞ ጓዳ ገብታ እንቅልፍ ጥሏታል። ቅዳሜን ሙሉ ቆማ ውላ፣ ሌሊቱን ስታማስል አምሽታ፣ ጾሙ ሲፈታ ለሁሉም አቅርባ፣ ሊነጋ ሲል ጉልበቷ አልቋል። በዓሉን ያሰናዳችው ሰው በዓሉን ሳታየው ይመሻል። ይህ እንዲቀር ከተፈለገ የቅዳሜን ሸክም ከረቡዕ ጀምሮ ማቃለል ያስፈልጋል። ሥራው ያው ነው፤ የሚቀየረው ቀኑና የሚሠራው ሰው ቁጥር ነው።

የዕረፍቱ ጊዜ አጭር ነው። ስቅለት ዓርብ ሥራ ዝግ ነው፣ እሑድ በዓሉ ነው፣ ሰኞ ግን ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። ዓርብን ሰው በስግደት ስለሚያሳልፈው ለምግብ ሥራ መቁጠር አይገባም። ስለዚህ ከባዱ ነገር ረቡዕና ሐሙስ ማታ ማለቅ አለበት፤ ከባዱ ነገር ደግሞ የዶሮ ወጡ ሽንኩርት ነው።

ለስድስት ሰው አንድ ዶሮ፣ 2 ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት፣ በቡና ስኒ ከ5 እስከ 6 የሚሆን በርበሬ (200 ግራም ገደማ)፣ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ አንድ ስኒ ዘይትና 300 ግራም የነጠረ ቅቤ ይበቃል። እንቁላል 12። መላጡንና መክተፉን ለአንድ ሰው መተው በደል ነው። ሦስት ሰው ረቡዕ ማታ ከቦ ቢቀመጥ በአንድ ሰዓት ያልቃል። በመፍጫ ማሽን እንፍጨው የሚሉ አሉ፤ ማሽኑ ሽንኩርቱን ወደ ጭማቂ ይለውጠዋል፣ ውሃው እስኪመጥ ሰዓቱ በእጥፍ ይረዝማል፣ ጠረኑም ይለወጣል። የግድ በማሽን ከሆነ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ፣ አንዴ ነካ አንዴ ለቀቅ እያደረጉ ሸካራ ሳለ ማውጣት ነው።

ወፍራም መቀመጫ ባለው ድስት፣ ያለ ዘይትና ያለ ውሃ፣ በመካከለኛ እሳት ይጀመራል። ሽንኩርቱ መጀመሪያ የራሱን ውሃ ያወጣና ይንተከተካል። ውሃው ለመምጠጥ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። መድረሱን በዓይን መለየት ይቻላል፦ ማማሰያውን በድስቱ መሐል ጎተት ስታደርጉት የሚተወው መንገድ ወዲያው ተመልሶ ካልተሞላ ውሃው አልቋል ማለት ነው። ከዚያ በፊት ዘይት ከገባ ሽንኩርቱ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም፤ ወጡም ሲቀርብ ውሃው ለብቻ፣ ሽንኩርቱ ለብቻ ይሆናል። ብዙ ሰው በዶሮው ወይም በበርበሬው የሚያመካኘው ችግር የሚጀምረው እዚህ ነው።

ዘይቱ ገብቶ ሽንኩርቱ ወርቃማ ቡናማ ሲመስል እሳቱን ቀንሱና በርበሬውን ጨምሩ። በርበሬ በደረቁ ከጋለ ድስት ጋር ከተገናኘ በደቂቃ ውስጥ ያርራል፣ ያረረ በርበሬ ይመራል፣ ምሬቱን ደግሞ ቅቤም አያነሣውም። ስለዚህ ከበርበሬው ጋር ወዲያው አንድ ስኒ ሙቅ ውሃ ይከተላል፤ ከዚያ በኋላ ያዝ ባደረገ ቁጥር በስኒ በስኒ እየጨመሩ ማማሰል ነው። ቀዝቃዛ ውሃ አይሆንም፤ መቁላላቱን ያቋርጠዋል። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይገባሉ። ከበርበሬው በኋላ ቢያንስ 45 ደቂቃ ይቁላላ። የጥሬ በርበሬ ሽታው ጠፍቶ ዘይቱ ከዳር ብቅ ብቅ ሲል ቁሌቱ ደርሷል። በዓል ውሎ ልብ የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ ይህ ሰዓት የተቀነሰበት ወጥ ነው።

ጨው የሚስተካከለው አሁን ነው። ቁሌቱ ቅቤ እስካልነካው ድረስ የጾም ስለሆነ ይቀመሳል። ቅዳሜ ቅቤ ከገባ በኋላ ጿሚ አይቀምሰውም፣ ያኔ ወይ በማሽተት መፍረድ ነው ወይ ያልጾመ ልጅ ጠርቶ «ቅመስልኝ» ማለት ነው። ዶሮው ጨው ይዞ ሊመጣ ስለሚችል የቁሌቱን ጨው ጥቂት ቀነስ አድርጎ መተው ይሻላል። ሲበርድ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ይገባል፤ እስከ ቅዳሜ ምንም አይሆንም።

ሐሙስ ቀለል ይላል። ለጉልባን ረቡዕ ማታ የተዘፈዘፈው ስንዴና ባቄላ ይቀቀላል። ማክሰኞ የተቦካው የጤፍ ሊጥ አብሲት ተጥሎለት እንጀራው ሐሙስ ማታ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ይጋገራል። እንጀራ ትኩስ ሳለ ተሸፍኖ ከተደራረበ ያልበውና ሻጋታው ቶሎ ይመጣል፤ አንድ በአንድ በርዶ ነው የሚደራረበው። እንቁላሉ ቢቻል ሳምንት ቀደም ብሎ የተገዛ ይሁን፤ ገና ትኩስ የሆነ እንቁላል ሲላጥ ነጩ ከቅርፊቱ ጋር ይነሣል። ከሐሙስ ሥራ ሁሉ የሚረሳው ግን ጋዙን ወይም ከሰሉን ማየትና ጀሪካኖቹን በውሃ መሙላት ነው። ቅዳሜ ማታ ሁሉም ቤት ምጣድ ይጥዳል፤ መብራት ቢጠፋ ድስቱ የሚዛወርበት ምድጃ ዝግጁ መሆን አለበት።

ቅቤው ያልነጠረ ከሆነም ሐሙስ ነው ጊዜው። በጣም በዝግታ ይቅለጥ፣ አረፋው ይገፈፍ፣ ከዚያ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ጥቂት አብሽና እርድ ገብቶበት ውሃው አልቆ ድምፁ ጸጥ እስኪል በዝቅተኛ እሳት ይቆይ። ድምፁ ሳይቆም የወረደ ቅቤ ውሃ ስላለበት ቶሎ ይበላሻል።

ቅዳም ሹር ጠዋት ቀጤማው ሲመጣ ዶሮው ይታረዳል። ብልት ማውጣት ዕውቀት የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ ለልጆች ማስተማሪያ የሚሆነው ይህ ቀን ነው። ዶሮ 12 ብልት የሚወጣለት በአንጓው ተፈልጎ ነው፤ አጥንት በቢላ ከተመታ ስብርባሪው ወጥ ውስጥ ገብቶ ጥርስ ይጎዳል። ቆዳው ተገፍፎ፣ ውስጡ በደንብ ተጠርጎ፣ በጨውና በሁለት ሎሚ እየታሸ ውሃው ጥርት እስኪል ይታጠባል። አምስትና ስድስት ጊዜ ውሃ መቀየር የተለመደ ነው። አጥንት ሥር የቀረ ደም ነው ወጡን ጠረን የሚያመጣበት። ከታጠበ በኋላ በወንፊት ላይ ግማሽ ሰዓት ይንጠፍጠፍ፣ አለበለዚያ የያዘው ውሃ ቁሌቱን ያቀጥነዋል።

ዳቦው በዚሁ ቀን ከሰዓት በፊት ቢቦካ ጥሩ ነው፣ ምጣዱ ኃይል ሳያጣ ይጋገራልና። ለ2 ኪሎ የስንዴ ዱቄት 1 ሊትር ከሩብ ገደማ ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ልሙጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ አንድ ስኒ ዘይትና አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ። ሊጡ ለስለስ ብሎ እጅ ላይ ትንሽ የሚይዝ ይሁን። ኩፍ እስኪል አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት፣ ኮባው ላይ ከተገለበጠ በኋላ ደግሞ ሌላ 20 ደቂቃ ይረፍ። ኮባው ከደረቀ በእሳት ላይ አለፍ አለፍ ሲደረግ ይለሰልሳል፣ ሳይቀደድም ይታጠፋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሙቀቱ ከሥር ብቻ ስለሆነ ላዩ ገርጥቶ ይቀራል፤ 35 ደቂቃ ላይ ከነኮባው ገልብጦ ሌላ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ መተው ነው። መሐሉ ጥሬ የሚሆነው እሳቱ በዝቶ ቅርፊቱ ቀድሞ ሲጠነክር ነው። ቢላ ሰክታችሁ ስታወጡት ሊጥ ካልያዘ በስሏል። ትኩሱን መቁረጥ መሐሉን ያጣብቀዋል፣ እሑድ አባወራው ባርኮ እስኪቆርሰው ድረስ ይቆይ።

ወጡ ከቀኑ 9 ሰዓት ግድም ይጣዳል። ቁሌቱ በዝግታ ይሞቅ፣ ቅቤው ይግባ፣ ለ10 ደቂቃ ይዋሐድ፣ ከዚያ ዶሮው። የሐበሻ ዶሮ እንደ ዕድሜው አንድ ሰዓት ተኩልና ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ የፈረንጅ ዶሮ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይበቃዋል። ሁለቱን አንድ ድስት ውስጥ መቀላቀል አይመከርም፣ አንዱ ሳይበስል ሌላው ከአጥንቱ ይለቃል። እንቁላሎቹ 10 ደቂቃ ይቀቀላሉ፤ ከበዛ አስኳሉ ዙሪያውን ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ገብተው ይላጡ፣ ወጡ እንዲገባቸው ስስ ስስ ሰንጠቅ ተደርገው በመጨረሻው 10 ደቂቃ ይጨመሩ። እንቁላል ከገባ በኋላ በማማሰያ መምታት ክልክል ነው፤ ድስቱን በጆሮው ይዞ ማወዛወዝ ይበቃል። አንድ የሻይ ማንኪያ መከለሻ፣ ከዚያ እሳቱን አጥፍቶ መክደን።

በዚህ አካሄድ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ድስቱ ወርዷል። ወጥ ሠሪዋ ታጥባ፣ አረፍ ብላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከሰው ጋር ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ለሌሊቱ የሚበቃውን ትንሽ ድስት ላይ ለይቶ፣ ሁሉንም እንደበረደ ሳይውል ሳያድር ፍሪጅ ማስገባት ያስፈልጋል። ሌሊት ሲመለሱ ትንሿ ድስት ብቻ እስክትፍለቀለቅ ትሞቃለች፣ በሩብ ሰዓት ያልቃል።

55 ቀን ቅባት ያልለመደ ሆድ በአንድ ጊዜ ብዙ አይችልም። ስለዚህ ጾም የሚፈታው በተልባ ነው። አንድ ስኒ ተልባ በለስላሳ እሳት ፈካ እስኪል ብቻ ተቆልቶ (ካረረ ይመራል) ይወቀጣል፣ በአንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ተበጥብጦ ግማሽ ሰዓት ይቆያል፣ ተጠልሎ በማር ይጠጣል። ቀጥሎ ግማሽ እንጀራ፣ አንድ ብልት፣ ግማሽ እንቁላል፣ ከዚያ መኝታ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጠግቦ በልቶ መተኛት የእሑድን ምሳ ነው የሚያበላሸው። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባቸው አዛውንት ካሉ ከሁሉ ቀድሞ ለእነሱ ትንሽ ትንሽ ማቅረብ ይገባል።

እሑድ ጠዋት ምንም አይሠራም። እውነተኛው ዕረፍት ይህ ነው፤ እንግዳ ከምሳ በኋላ እንዲመጣ ቀድሞ መናገር ደግሞ ነውር የለበትም። ለዘመድ የሚደወለው በዚህ ሰዓት ነው። በፋሲካ ሰሞን ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ እዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ገና የገቡትን እየፈሰኩ ታገኟቸዋላችሁ። ያ ካመለጠ እስከ ማታ 12 ሰዓት መቆየት ይሻላል። ቴል አቪቭ ከእኛ ጋር እኩል ናት፣ ሮምና ፍራንክፈርት በአንድ ሰዓት ይዘገያሉ፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። በዓረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥረው ለሚሠሩ እህቶች ግን እሑድ የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። የሚመቻቸውን ሰዓት ሐሙስ በመልእክት ጠይቃችሁ፣ ሌሊትም ቢሆን ያን ሰዓት ጠብቁላቸው። ቤተሰቡ ሁሉ ስልኩ ላይ ተሰብስቦ እያንዳንዱ «እንኳን አደረሰሽ» ሲላት ለብቻዋ ላለች ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

ምሳው በአንድ መሶብ ይሁን። ፈረሰኛው ለአባት የሚሄድበት ቤት ብዙ ነው፤ መላላጫውን ለወጥ ሠሪዋ ማስቀደምም ያምራል። ዕቃ የሚያነሣውና የሚያጥበው ያልሠራው ሰው ነው፣ ይህ ከበዓሉ በፊት የተነገረ ይሁን። ከምሳው በፊት አንድ ሳህን ለብቻው ለሚኖር ጎረቤት ይሂድ።

ቡናው ከሰዓት በኋላ ነው። ስምንት ስኒ ለሚይዝ ጀበና ሁለት እፍኝ ሞላ ያለ ጥሬ ቡና በቂ ነው። ጀበናው ገንፍሎ የሚፈሰው እስከ አንገቱ ሲሞላ ነው፤ ሁለት ጣት ዝቅ አድርጉት። ከወረደ በኋላ አምስት ደቂቃ ዘንበል ብሎ ካልሰከነ አቦሉ አተላ ይዞ ይወርዳል። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥላችሁ፣ ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀይ ሲሆን አስገቡ፣ በርና መስኮትም ክፍት ይሁን። ፍም ጭስ ባይኖረውም የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ በዝግ ቤት ይገድላል። ማታ ከመተኛት በፊት ምድጃው ከነፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ለብርድ ብሎ ማስቀረት ፈጽሞ አይቻልም።

የተረፈው ወጥ የሚሞቀው ለአንድ ጊዜ የሚበላው ያህል ተቀንሶ ነው። ሙሉው ድስት እየሞቀ እየበረደ ከተመላለሰ እንቁላሉ ይደርቃል፣ ወጡም ቶሎ ይኮመጥጣል። ፍሪጅ ውስጥ እስከ ረቡዕ ይቆያል፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ለጾም ተብሎ የሚጣደፍ ነገር የለም። ሰኞ ማታ ከሥራ ሲገባ በቁሌቱ ላይ ደረቅ ያለው እንጀራ ይፈርፈርበት፣ እንቁላሉን ቆራርጣችሁ ከላይ ጣል አድርጉበት።