ሊጥ ሰዓት አያውቅም

ሰፈሩ አዲስ አበባ ዳር ነው። ባለ 315 ኬቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ ነው) ትራንስፎርመር ሁለት ወጪ መስመሮችን ይመግባል። እያንዳንዱ መስመር ኃይል የሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች፣ ማለትም አር፣ ኤስ እና ቲ የሚባሉ ፌዞች አሉት፤ ከሁለቱ የአንደኛው የአር ፌዝ ፊውዝ (ጭነት ሲበዛ ተቃጥሎ መስመሩን የሚያቋርጥ መከላከያ) ማታ ማታ ይቃጠላል። ተረኛው መጥቶ ይተካዋል፣ በማግስቱ ምሽት ደግሞ ይቃጠላል። ነዋሪው ተፈራርሞ "ትራንስፎርመር ይቀየርልን" ሲል አመለከተ። የአካባቢው ኃላፊም ሳያቅማማ "ከአቅም በላይ ስለተጫነ በ630 ይተካ" ብሎ ጥያቄውን ወደ በላይ ላከው። ከማመልከቻው ጋር የተያያዘው የጭነት ልኬት የተወሰደው ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ ነበር፤ ምጣድ በማይጣድበት፣ ሰው በሥራ ላይ ባለበት ሰዓት።

ኃላፊው ቦታውን ለማየት ሲሄድ መንገድ ላይ ያስቆሙት እንጀራ ጋግረው ለሆቴሎች የሚያቀርቡ እናት ናቸው። ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ አላቸው፤ አምስት ምጣድ በአንዴ ያስጥዳሉ።

"ልጄ፣ ማታ ምጣዱ ይደክማል" አሉት። "ሌሊት 11 ሰዓት ስጋግር ዓይኑ ፍንትው ብሎ ይወጣል። ማታ ሲሆን ግን ድፍን ነው፣ ይደርቃል።"

"እማማ፣ እሱ የሊጡ ጉዳይ ነው። እኛ የመጣነው ለትራንስፎርመሩ ነው።"

"ሊጥ ሰዓት አያውቅም፣ ልጄ። ያው ቡኮ፣ ያው አብሲት ነው። ማታውኑ ግድግዳ ተሻግሬ ጎረቤቴ ምጣድ ላይ ባፈሰው ዓይን ያወጣል።"

"እሺ እማማ፣ አዲሱ ሲመጣ ይስተካከላል" ብሎ አለፈ።

ይህ ንግግር እስካሁን ያንገበግበኛል። ሴትዮዋ የተናገሩት አቤቱታ ብቻ አልነበረም፤ ምርመራ ነበር። ሊጡን አንድ አድርገው፣ ሰዓቱን አንድ አድርገው፣ የቀየሩት ቤቱን ብቻ ነው። ከትራንስፎርመሩ አቅም ማነስ የተነሳ ቢሆን ኖሮ የጎረቤታቸውም ምጣድ አብሮ ይደክም ነበር። በአንድ ምሰሶ ሥር ካሉ ሁለት ቤቶች አንዱ ሲደክም ሌላው ደህና ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፌዝ ነው። በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ይህን ለመስማት መሣሪያ እንኳ አያስፈልገውም ነበር።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ የትራንስፎርመሩ ሳጥን ተከፍቶ በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ አምፔር በሚያነብ መሣሪያ) ሲለካ፣ ፊውዝ የሚያቃጥለው መስመር አር 330፣ ኤስ 150፣ ቲ 120 አምፔር ተሸክሟል። ፌዞቹ እኩል ሳይጫኑ ሲቀሩ ልዩነቱን መልሶ የሚሸከመው ሽቦ፣ ኒውትራሉ፣ ላይ 197 አምፔር አለ፤ ከኤስም ከቲም ይበልጣል። ሁለተኛው መስመር ቀላል ነው፦ 45፣ 60 እና 55። የ315 ኬቪኤ ትራንስፎርመር በዝቅተኛው ቮልቴጅ በኩል በአንድ ፌዝ 455 አምፔር ይሰጣል። ሁለቱ መስመሮች ሲደመሩ አር ላይ ያለው 375 ነው፣ 82 በመቶ። የሦስቱ ፌዞች አማካይ 56 በመቶ ብቻ ነው። ትራንስፎርመሩ አላነሰም። 630 ቢመጣም ያቺው ፊውዝ በዚያው ሰዓት መቃጠሏ አይቀርም።

ፊውዟ የ200 አምፔር ናት። የዚህ ዓይነት ፊውዝ ከስሙ 1.25 እጥፍ ድረስ ሳይቃጠል ይቆያል፤ 1.6 እጥፍ ሲደርስ፣ ማለትም 320 አምፔር ላይ፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ መቃጠል አለበት። 330 ተሸክማ ራት ሰዓት ላይ መሄዷ ሥራዋን መሥራቷ ነው። ከዚያ በፊት አንዱ ተረኛ ሰልችቶት ባለ 315 ፊውዝ ሰክቶባት እንደነበር ተሰማ። ይህ አደገኛ ነው፤ ፊውዟ ዝም ስትል ሽቦው ይቀልጣል።

መስመሩ 400 ሜትር ይረዝማል፤ ፌዞቹ 95 ሚሊ ሜትር ካሬ ልባስ የሌላቸው አሉሚኒየም፣ ኒውትራሉ ደግሞ 50 ነው። በመጨረሻው ምሰሶ ላይ አር 178 ቮልት፣ ቲ 227 ቮልት ተነበበ። ባለ 3.5 ኪሎ ዋት ምጣድ 178 ቮልት ሲያገኝ የሚሰጠው 2.3 ኪሎ ዋት ገደማ ነው፤ ኃይሉ የሚቀንሰው በቮልቴጁ ካሬ ስለሆነ ሲሶው ሄዷል። ሁለት ደቂቃ ተኩል የሚፈጅ እንጀራ ወደ አራት ደቂቃ ይጠጋል፤ በመሐል ሊጡ ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል። ጉዳቱ እዚህ አያበቃም። እያንዳንዱ ምጣድ ተሰክቶ የሚቆይበት ጊዜ ስለሚረዝም፣ ቀድሞ ተራ በተራ ይሠሩ የነበሩት ምጣዶች አሁን እኩል ሰዓት ላይ ይደራረባሉ። ቮልቴጅ ሲወርድ የምሽቱ ጭነት ይረዝማል፣ ጭነቱ ሲረዝም ቮልቴጁ እንደወረደ ይቆያል።

ሁሉም አር ላይ የተከመረበት ምክንያት ቀላል ነው። ሽቦዎቹ ምሰሶው ላይ ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ ናቸው፤ አር ለመሰላል ቅርቡ ነው። አዲስ ቆጣሪ ያስገባ ሁሉ እጁ የደረሰበት ላይ አሰረ። የአዲስ ደንበኛ ቅጽ ላይ የቆጣሪ ቁጥር፣ የምሰሶ ቁጥር፣ የገመድ ርዝመት ይሞላል፤ የተያያዘበት ፌዝ ግን አይጠየቅም። ሁለት የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶችም ባለ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀራቸው፣ እያንዳንዱ 32 አምፔር፣ እዚያው ላይ ነው። የእንጀራ ጋጋሪዋ ቤትም ቆጣሪው ባለ ሦስት ፌዝ ሆኖ ሳለ፣ የቤቱ ኤሌክትሪሺያን አምስቱንም ምጣድ ከአንድ ፌዝ አውጥቷቸዋል፤ 80 አምፔር ገደማ በአንድ በኩል።

ማስተካከያው ዕቃ ብዙ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቆጠራ ነው። መጀመሪያ ከምሰሶ ምሰሶ እየሄዱ እያንዳንዱ ሰርቪስ (ከምሰሶ ወደ ቤት የሚገባው ገመድ) የቱ ፌዝ ላይ እንደታሰረ መመዝገብ። ሚዛኑ የሚሠራው በየምሰሶው ነው። ሳጥኑ ጋ ድምሩ እኩል ስለመጣ ብቻ ተጠናቀቀ ማለት አይቻልም፤ የአር ደንበኞች መጨረሻ ላይ፣ የቲ ደንበኞች መጀመሪያ ላይ ከተሰበሰቡ በመሐል ያለው ኒውትራል እንደተጫነ ይቀራል። ከዚያ ሦስቱም ፊውዞች በመጎተቻ ይነቀላሉ፣ መስመሩ መሞቱ በመሣሪያ ይረጋገጣል፣ ሽቦዎቹ እርስ በርስ ታስረው መሬት ይያያዛሉ። ጄኔሬተር ያለው ቤት ማብሪያውን በትክክል ካልለየ ከታች ወደ ላይ ኃይል ስለሚመልስ ይህ ደረጃ አይዘለልም። ኒውትራል ኃይል ባለበት መስመር ላይ ፈጽሞ አይላላም፤ ከተፈታ አንዱ ቤት ወደ 380 የሚጠጋ ቮልቴጅ ሊያገኝ ይችላል።

የመዳብ ሰርቪስ ከአሉሚኒየም መስመር ጋር ሲያያዝ ለሁለቱም ብረቶች የተሠራ ኮኔክተር ያስፈልጋል። በእጅ ተጠምዝዞ የታሰረ ጥቂት ክረምት ይቆይና መገናኛው ዝጎ መጋል ይጀምራል። ወፍጮ ወይም የውሃ ፓምፕ ያለው ባለ ሦስት ፌዝ ደንበኛ ከሆነ ሁለት ገመድ ብቻ አይቀያየርም፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ሦስቱም በአንድ አቅጣጫ አንድ አንድ ደረጃ ይዛወራሉ። የሴትዮዋ ምጣዶች ቤት ውስጥ ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ ተደርገው ተከፈሉ። መኪኖቹ አንዱ ወደ ኤስ፣ ሌላው ወደ ቲ ሄዱ፤ ባለቤቶቹም ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ለመሙላት ተስማሙ።

በዚያው ሰዓት ዳግመኛ ሲለካ አር 218፣ ኤስ 205፣ ቲ 190፣ ኒውትራሉ 24 አምፔር ሆነ። ጫፍ ላይ ያለው አር 206 ቮልት ነው። በሽቦው ሙቀት ይባክን የነበረውም ከ40 በመቶ በላይ ቀነሰ፤ የኤሌክትሪክ ብክነት በአምፔሩ ካሬ ስለሚያድግ፣ ቀጭኑ ኒውትራል ብቻውን የብክነቱን ሲሶ ይወስድ ነበር።

የህዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ኃይሉ ግድቡ ካለበት ከጉባ በ500 ኪሎ ቮልት በዴዴሳ በኩል ሆለታ ይደርሳል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ታግዷል። ከሰልና እንጨት ትቶ ምጣድ የሚሰካው፣ ቤንዚን ትቶ ቻርጀር የሚሰካው ሰው እየበዛ ነው፤ መብዛቱም የሚፈለግ ነው። ያ ሁሉ ንጹሕ ኃይል ግን ወደ ምጣዱ የሚደርሰው በእንዲህ ያለች የ400 ሜትር ሽቦ በኩል ነው። እዚህ ላይ 178 ቮልት ያገኘች እናት ተመልሳ እንጨት ብትገዛ የሚፈረድባት የለም።

አዲስ ትራንስፎርመር ፈጽሞ አያስፈልግም ማለትም አይደለም። 218 አምፔር በ200 ፊውዝ ላይ ለራት ሰዓት ያህል ይቻላል፤ በዚያ መንደር ግን በየወሩ አዲስ ቆጣሪ ይገባል። ቀጣዩ ሥራ ሳጥኑ ውስጥ ባዶ ካለው መውጫ ሦስተኛ መስመር አውጥቶ የጫፉን ግማሽ መለየት ነው፤ ትራንስፎርመሩ ለዚያ የሚሆን ቦታ አለው። የ630 ጥያቄ ወረፋ ላይ ነው፤ የተጻፈበት ምክንያት አሁንም "ከአቅም በላይ" ይላል። የምሽቱ ልኬት ቅጂ ከማመልከቻው ጋር እንዲያያዝ ተልኳል፤ ፌዝ የሚሞላበት ዓምድ ቅጹ ላይ እንዲጨመር የቀረበው ሐሳብ ገና መልስ አላገኘም።