የቄሱ ጃንጥላ፣ የረቢው መዝገብ

ኢየሩሳሌም የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። የቤተ እስራኤል የጾምና የጸሎት በዓል የሆነው ስግድ ከቆይታዬ ጋር መገጣጠሙን የነገረኝ ባረፍኩበት ሆቴል የሚሠራ አንድ የጎንደር ሰው ነው። «ግዕዝ ከናፈቀህ ነገ በማለዳ አርሞን ሃናጺቭ ውጣ» አለኝ።

ወጣሁ። ከኮረብታው ላይ አሮጌዋ ከተማ ወለል ብላ ትታያለች። ነጭ የጠመጠሙ የቤተ እስራኤል ቄሶች በባለ ዘርፍ ጃንጥላዎች ሥር ቆመው ኦሪት ያነብባሉ። ቤተ ክርስቲያን ላደገ እንደ እኔ ላለ ሰው ጥምጥሙም፣ ጃንጥላውም፣ ዜማውም ባዕድ አይደለም፤ ታቦቱ ከወዴት ይወጣ ይሆን ብዬ አንገቴን ላሰግግ ምንም አልቀረኝ። ከመጽሐፈ ነህምያ ሲነበብ ግማሹ ገባኝ። አጠገቤ የቆመው ኪጳ፣ የአይሁድ ትንሽ ቆብ፣ የደፋ ወጣት ግን አንድም ቃል አልገባውም፤ አያቱ በአማርኛ፣ እኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛ እየተጋገዝን ነገርነው። ስግድ እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል ከሆነ ወዲህ የባለሥልጣናት ንግግር አይቀርም። ንግግሩ ሲጀመር ሦስታችንም ዛፍ ጥላ ሥር ሄደን ተቀመጥን።

ወጣቱ የሺቫ፣ የአይሁድ ሃይማኖት ትምህርት ቤት፣ የተማረ ነው። «አያቴ ረቢዎችን አትወድም» አለኝ እየሳቀ፤ የረቢዎች የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ ከሆነው ከታልሙድም አንድ ታሪክ አወራልን። ረቢ ኤሊዔዘር ስለ አንድ ምድጃ ንጽሕና ከባልንጀሮቹ ጋር ሲከራከር ድምፅ ከሰማይ መጥቶ ፈረደለት። ረቢ ኢያሱ ግን ብድግ ብሎ «ሕጉ በሰማይ አይደለም» አለ፤ ነገሩ በብዙኃኑ ተወሰነ፤ ኤሊዔዘር ተረታ።

እማማ አፋቸውን ያዙ። «ድምፅ ከሰማይ መጥቶ አልሰሙም? ታዲያ እኛን እንዴት ይስሙን!»

ሳቅን እንጂ ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ቤተ እስራኤል ታልሙድን ሳያውቁ በኦሪታቸውና በቄሶቻቸው ቃል ኖረዋል፤ የረቢዎች ሥልጣን የቆመው ደግሞ በታልሙድ ላይ ነው። የሴፋራድ አይሁድ ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ የኖሩትን የረቢ ዳዊት ቤን ዚምራን ብያኔ ተመርኩዘው «ከዳን ነገድ ናቸው፤ አይሁድ ናቸው» ብለው ወሰኑ። በሩ ተከፈተ። ሰዎቹ በሱዳን በኩል እየሞቱ ሲደርሱ ግን ዋናው ረባኑት፣ የእስራኤል ረቢዎች የበላይ ጽሕፈት ቤት፣ ለጥንቃቄ ሲል፣ ለመጋባት በመጀመሪያ ውኃ ውስጥ ተነከሩ አላቸው።

«እኛ ምን መሰለን? ጥምቀት!» አሉ እማማ። «አባቶቻችን በአጼ ዮሐንስ ዘመን ተጠመቁ ሲባሉ እምቢ ብለው የተሰደዱበትን፣ እኛ ኢየሩሳሌም ደርሰን እንጠመቅ?» እ.ኤ.አ. በ1985፣ በመስከረም ሰሞን፣ ረባኑቱ ፊት ለፊት ለአንድ ወር ያህል ሜዳ ላይ ተቀምጠው ከተቃወሙት አንዷ እርሳቸው ናቸው። ሌሊቱ ብርድ እንደነበረ፣ ሕፃን ታቅፈው እንደነበር ነገሩኝ። የታቀፉት የዚህ ወጣት እናት ናት።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ኋላ ላይ የኔታንያ ከተማ ረቢ ዳዊት ሸሉሽ ያለ ምንም መነከር እየመዘገቡ ማጋባት ጀመሩ፤ ጥንዶችም ወደ እርሳቸው ጎረፉ። የረቢዎቹን ቃል ያላላው ሌላ ረቢ ነው ማለት ነው። ቄሶቹማ ያኔም ሆነ ዛሬ በመንግሥት መዝገብ ላይ ጋብቻ አይፈርሙም።

«ያለ ረቢ ኦቫዲያ ግን ማን ያመጣን ነበር?» አለ ወጣቱ።

«ያመጣን እግራችን ነው።»

ዝም አለ። ከሰዓት በኋላ ጾሙ ተፈታ፤ ከበሮው ተመታ፤ እማማ ከዘንቢላቸው ዳቦ አውጥተው ቆርሰው ሰጡኝ። ልጁ በሚመጣው ክረምት እንደሚያገባ የነገሩኝም ያኔ ነው።

«ማን ያጋባሃል?» አልኩት።

«ረቢ። በረባኑት ካልሆነ አይመዘገብም። ቄሱ እቤት መጥተው ይመርቁናል።»

እማማ ዳቦውን ማላመጥ አቁመው አዩት። «ምርቃቱ ከረቢው በፊት ነው በኋላ?»

ልጁ ወደ ጃንጥላዎቹ ዞሮ ስልኩን አወጣና ፎቶ ማንሳት ጀመረ።