ነገ ምዘና አለኝ

ነገ ጠዋት ለሲኦሲ፣ ለሙያ ብቃት ምዘና፣ እቀመጣለሁ። የወንዶች ጸጉር ሥራ ነው፤ መጀመሪያ ጽሑፍ፣ ቀጥሎ ተግባር። ቶንዶሱን፣ መቀሱን፣ ፎጣዎቹን ቦርሳ ውስጥ ከትቻለሁ። ሞዴል እንዲሆነኝ ጸጉሩን ሲያሳድግ የከረመው ታናሽ ወንድሜ ተኝቷል። እኔን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ እስኪ ልጻፍ።

ስልጠና መግባቴን የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝ ያው ነው። «ለጸጉር ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልጋል?» ጥያቄው ከመሬት አልተነሳም። አዲስ አበባ ውስጥ የማውቃቸው ጎበዝ ጸጉር አስተካካዮች አብዛኞቹ የተማሩት እዚያው ሥራው ላይ ነው። ወለል እየጠረጉ፣ ፎጣ እያሰጡ፣ የደንበኛ ራስ እያጠቡ ይቆያሉ። አንድ ቀን ሰው ሲበዛ ቶንዶስ ይሰጣቸዋል። እኔን በሙያው ያስቀኑኝ የሰፈራችን ጸጉር አስተካካይም እንዲሁ ነው የተማሩት። እሳቸው የሠሩት ፌድ፣ ከታች አጥሮ ወደ ላይ ቀስ በቀስ እየረዘመ የሚሄደው ቁርጥ፣ የት እንደጀመረ ዓይን አይለየውም።

ለጥያቄው ያለኝ መልስ ደም ነው። ምላጭ ይዤ የሰው አንገት ላይ እቆማለሁ። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ሰጥቶኛል። ትንሽ ጭረት ትበቃለች። አሰልጣኛችን በመጀመሪያው ሳምንት የነገሩን አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ለጉበት በሽታ የሚዳርገው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። ሰኞ አንዱን ደንበኛ የጫረ ምላጭ በደንብ ሳይጸዳ ቢቀር፣ ቅዳሜ የሚመጣው ሰው አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ፣ ያውም እያየ የሚከፈት። ያገለገለው ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ይገባል እንጂ ከተጠረገው ጸጉር ጋር አይጣልም፤ ቆሻሻ የሚሰበስበውም ሰው እጅ አለው።

ድሮ አውሮፓ ውስጥ ጸጉር ቆራጩ ጥርስ ይነቅል፣ ደም ያወጣ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1745 ጸጉር ቆራጮችና ቀዶ ሐኪሞች አንድ ማኅበር ነበሩ። እኛ አገር ዋግምት የሚያደርገው ሌላ ሰው ነው። ምላጩ ግን ያው ምላጭ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ የእሳቱ ነገር ነው። ብዙ ቤት ቶንዶሱ ላይ አልኮል ይነፋና በላይተር ቦግ ይደረጋል። ደንበኛው ነበልባሉን ሲያይ ልቡ ያርፋል። አሰልጣኛችን እንዲህ የተለበለበ ቶንዶስ አምጥተው ብሎኑን ፍቱት አሉን። ከጥርሱ ሥር ጸጉሩ፣ ፎሮፎሩ፣ ቅባቱ እንዳለ ተቀምጧል። ቆሻሻ ካልወጣ መድኃኒት ጀርሙ ጋር አይደርስም። መጀመሪያ በብሩሽ ማራገፍ፣ ከዚያ አልኮል፣ ከዚያ መታገሥ። አልኮሉ ደግሞ ንጹሕ ከሆነው ይልቅ ወደ 70 በመቶ የሆነው ይሻላል፤ ሥራውን ለመሥራት ውኃ ይፈልጋል። ይህን ካወቅኩ ወዲህ የምገባበት ጸጉር ቤት ሁሉ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው የመሥሪያ ዕቃው መሳቢያ ላይ ነው።

ሌላው ቆዳ ማየት ነው። እናት ልጇን ይዛ ትመጣለች፤ ራሱ ላይ ክብ ክብ የሳሳ ቦታ አለ፣ ይፈረፈራል። ቆረቆር ሊሆን ይችላል። ፈንገስ ነው፤ በማበጠሪያና በቶንዶስ ወደ ሌላው ልጅ ይሄዳል። ጸጉሩን አልቆርጠውም፣ ጤና ጣቢያ እልካቸዋለሁ። ግን እንዴት ተብሎ ይነገራል? ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ? ይህንን ክፍል ውስጥ አንዱ እናት፣ አንዱ ልጅ እየሆንን ተለማመድነው። ወደ ጎን ጠርቶ፣ ድምፅ ቀንሶ፣ «ይድናል፣ ክኒን አለው» ብሎ መጀመር። ልጁ አንገቱን እንዳይደፋ። ለእኔ ከፌድ የከበደኝ ትምህርት ይህ ነው፤ የምወደውም እሱን ነው።

ማጅራትም አለ። የእኛ ዓይነት ጥቅልል ጸጉር በምላጭ ከሥሩ ሲላጭ ጫፉ ታጥፎ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባና ጉብጉብ ይላል። እየቆየም ጠባሳ ይሆናል። ብዙ ወንድ ግን ማጅራቱ ካልተላጨ የተቆረጠ አይመስለውም። «ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ትንሽ እናስቀርለት» ማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ ደንበኛ ሊያስቀይም ይችላል። እኔ ቢቀየመኝም እላለሁ።

እጅን የሚያፍታታው ልምምድ ሌላ ደስታ ነው። የተነፋ ፊኛ ላይ አረፋ ቀብተን በምላጭ ላጨን። እጅ ትንሽ ከከበደ ፊኛው ይፈነዳል፣ ክፍሉ በሙሉ ይደነግጣል። ፌድ ላይ ደግሞ ቶንዶሱ ላይ የሚገጠመው ማበጠሪያ ከ2 ቁጥር ወደ 1 ሲወረድ ልዩነቱ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ያቺን መስመር ማጥፋት ነው ሥራው ሁሉ።

የሰፈራችንን ጸጉር አስተካካይ ለማሳመን ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ምዘናው ክፍል ገብቶ ላልተማረም ክፍት ነው፤ በልምድ ያወቀ ሰው ችሎታውን አሳይቶ ወረቀቱን ይወስዳል። እንደ እሳቸው ያለ ሰው ያለ ማስረጃ መቅረቱ ያንገበግበኛል።  ባለፈው ሳምንት የእሳቱን ነገር ነገርኳቸው፤ ዝም ብለው ሰሙኝና የራሳቸውን ቶንዶስ ብሎን ፈቱ። ከዚያ «አንተ ቅደም፣ ጥያቄው ምን እንደሚመስል ንገረኝ፣ እኔም እመጣለሁ» አሉኝ።

የሚቀጥለው ምዝገባ መቼ እንደሆነ ነገ እዚያው እጠይቅላቸዋለሁ።