ስጋጃን በጀርባው ማወቅ

ከአምስት ዓመት በፊት ደሴ ውስጥ «በእጅ የተቋጠረ ነው» ተብዬ አንድ ስጋጃ ገዛሁ። ሱፉ ወፍራም፣ ዘርፉም ያማረ ስለነበር ጀርባውን የሸፈነው ጨርቅ ለምን እንደተለጠፈ አልጠየቅሁም። በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ አጥቤ ሳሰጣው ጨርቁ ተላቀቀ፤ ከሥሩም የደረቀ ሙጫ እንደ ዱቄት ረገፈ።

ምንጣፍ ሲቋጥሩ ለኖሩ አንድ ጎረቤቴ ባሳያቸው፣ ፊቱን እንኳ ሳያዩ ገለበጡት። «ልጄ፣ ይኼ አልተቋጠረም፤ ተወግቶ የተሰካ ነው» አሉኝ። እንዲህ ያለው ምንጣፍ ክሩ በተወጠረ ጨርቅ ላይ እንደ ሽጉጥ በሚያዝ መሣሪያ ይሰካና እንዳይነቀል በሙጫ ይያዛል፤ የጀርባው ጨርቅ ሙጫውን መሸፈኛ ነው። መሣሪያውን የያዘው የሰው እጅ ስለሆነ «በእጅ የተሠራ» ቢሉኝ ኖሮ ባልዋሹኝ ነበር፤ ውሸቱ ያለው «የተቋጠረ» በሚለው ቃል ላይ ነው።

ከዚያም የራሳቸውን አሮጌ ስጋጃ ገልብጠው ዘረጉልኝ። የሱፍ ክሩ በየሁለቱ ድር ላይ እየተጠመጠመ ስለሚቋጠር፣ አበባው ከነቀለሙ በጀርባም ይታያል። ረድፉ በሞላ ቁጥር ማግ ይገባበትና በማበጠሪያ መሰል መምቻ ይጠቀጠቃል። ዘርፉም የድሩ ጫፍ ራሱ ነው፤ የእኔው ግን በመኪና የተሰፋ ነበር። በብዛት የሚታወቁት ቋጠሮዎች ሁለት ናቸው፤ የቱርኩ ቋጠሮ ሁለቱንም ድር አቅፎ ጫፎቹን በመካከላቸው ሲያወጣ፣ የፋርሱ አንዱን ድር ብቻ ዙሪያውን ይጠመጥመዋል። የፋርሱ ቋጠሮ በኢራኗ ከተማ በሰነህ፣ በዛሬዋ ሰነንደጅ፣ ስም ቢጠራም የዚያች ከተማ ሠሪዎች የሚቋጥሩት በቱርኩ ስልት መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

የእሳቸውን ስጋጃ ቋጠሮዎች በጀርባው በኩል ስቆጥር ግን ተሳሳትኩ። ማስመሪያ አስቀምጬ በ5 ሳንቲ ሜትር ወርድ 30 እብጠት ቆጠርኩና ተደሰትኩ። እሳቸው ጥፍራቸውን በአንዲት ቀይ ነጥብ ላይ አሳርፈው፣ የቱርኩ ቋጠሮ ድሮቹ እኩል ሲተኙ በጀርባ በኩል ጎን ለጎን ሁለት እብጠት ሆኖ እንደሚታይ አሳዩኝ። ስለዚህ ወርዱ 15፣ ቁመቱም በ5 ሳንቲ ሜትር 16 ሆነ፤ ይህም በካሬ ሜትር 96,000 ቋጠሮ ነው።

ባለፈው ጥር ኮምቦልቻ ወርጄ ሌላ ስጋጃ ሳገላብጥ፣ ንድፉ በጀርባው ጥርት ብሎ ስለታየኝ ልገዛ ተቃርቤ ነበር። ረድፎቹ ግን በማስመሪያ የተሰመሩ ያህል ቀጥ ያሉ፣ ጠርዙም በማሽን የተዘመዘመ ነበር፤ የማሽን ሽመናም ንድፉን በጀርባ ያሳያል። ከጎኑ የተጣለው፣ ጥጉ የተበላ አሮጌ ስጋጃ ግን ረድፉ ትንሽ ይወላገዳል፣ ቀዩም ከወገቡ በላይ ይደምቃል፤ ሠሪው ሌላ ጊዜ የተነከረ ክር ጀምሮበት መሆን አለበት። ሻጩ ፈቅዶልኝ ከተበላው ጥግ አንዲት ክር ባቃጥል እንደ ፀጉር ሸተተች፤ አመዷም በጣቴ መካከል ደቀቀ፣ ሠራሽ ክር ቢሆን ቀልጦ ይጠነክር ነበር። ያንኑ ገዛሁት። ጎረቤቴ የተበላውን ቦታ ድር ዘርግተውበት ቋጠሮ በቋጠሮ እየሞሉልኝ ነው፤ በሙጫ ለተያዘው ግን እሳቸውም መላ አላገኙለትም።