ሕግንና ኅብረተሰብ ጤናን አብራችሁ የምትማሩ ከሕጉ ጀምሩ

አሜሪካ ውስጥ የሕግ ዲግሪ 3 ዓመት፣ የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 2 ዓመት ይወስዳል። በጥምር ሲማሩት አንዳንዱ ኮርስ ለሁለቱም ስለሚቆጠር በ4 ዓመት ያልቃል። እኔ 4 ዓመት ተኩል ፈጀብኝ። ይህን የምጽፈው ስለዚያች ግማሽ ዓመት ነው።

የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናውን፣ ኤልሳትን፣ ተፈተንኩ፤ ለሁለቱም ትምህርት ቤቶች ለየብቻ አመልክቼ ተቀባይነት አገኘሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ክሊኒክ በአማርኛ አስተርጓሚነት ስሠራ ስለቆየሁ ልቤ ወደ ጤናው ያደላ ነበር። ከየትኛው ብጀምር እንደሚሻል አማካሪዋን ስጠይቃት «በፈለግሽው ጀምሪ፤ ልዩነት የለውም» አለችኝ። የፕሮግራሙ መግለጫም የሚለው ይህንኑ ነበር። በጤናው ጀመርኩ። እንዲያውም ትጉህ ነኝ ብዬ፣ ክረምቱን ጨምሬ አብዛኛውን የጤና ኮርስ በአንድ ዓመት ጨረስኩት። የጎዳኝ ይኸው ትጋቴ ነው።

በመጨረሻው ዓመት፣ በጥቅምት፣ ለምርቃት ለመመዝገብ ሬጅስትራር ቢሮ ሄድኩ። ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። የጤና ኮርሶቼ በተራ ተደርድረዋል፤ በሕጉ ዓምድ ሥር ግን ከላይ እስከ ታች ዜሮ ነው። ይቆጠርልኛል ያልኩት 12 ክሬዲት የለም። በአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር መመዘኛ መሠረት ለሕግ ዲግሪው ቢያንስ 83 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ የሚቆጠረውም ተማሪው ሕግ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ የወሰደው ኮርስ ነው። የእኔ ኮርሶች ከዚያ በፊት የተወሰዱ ነበሩ።

ለአማካሪዋ ጻፍኩላት። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የመጣው መልስ ሁለት መስመር ነበር፤ ደንቡ ነው፣ አዝናለሁ። ያኔ «ልዩነት የለውም» ማለቷን ማስታወሷን እንኳ አልነገረችኝም። አባቴ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እያለ ነው ያሳደገኝ፤ እኔ ግን ያን መልስ በጽሑፍ አልጠየቅኳትም። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ደንቡ ለማንም ሰው ክፍት ሆኖ መቀመጡ ነው። የሕግ ተማሪ ሆኜ የራሴን ሕግ አላነበብኩም።

ለአንድ መንፈቅ ተጨማሪ ክፍያ ተበደርኩ። የጥብቅና ፈተና በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሐምሌና በየካቲት ይሰጣል፤ የሐምሌው አመለጠኝና ለየካቲቱ ተቀመጥኩ። እናቴ ለምርቃቴ ጠጅ ልትጥል ከአዲስ አበባ ያስመጣችው ጌሾ ቁም ሳጥን ውስጥ ከረመ። ቤቱ ሁሉ ጌሾ ጌሾ ሲሸት እየሰማች አንድም ቀን አልወቀሰችኝም።

በትምህርቱ አልጸጸትም። ዛሬ የሕክምና ዕዳ ይዘው ለሚመጡ ሰዎች ስከራከር ሁለቱም ዲግሪዎች ያገለግሉኛል። «በፈለጋችሁት ጀምሩ» የሚለውን ምክር ግን አትቀበሉ። የሕጉ የመጀመሪያ ዓመት እንደሆነ ውል፣ ከውል ውጭ ኃላፊነት፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት እየተባለ አስቀድሞ የተወሰነ ስለሆነ ሌላ ነገር አያስገባም፤ እሱን አስቀድሙና ጤናውን ከዚያ በኋላ አምጡት። እያንዳንዱን ኮርስ ከመመዝገባችሁ በፊት ለየትኛው ዲግሪ እንደሚቆጠር ለሁለቱም ሬጅስትራሮች በአንድ ኢሜይል ጻፉ። አንዱ ለሌላው ይነግረዋል ብላችሁ አትተዉት፤ አይነግረውም።