ከሀሳቡ በፊት ሂሳቡ፦ ሰባት ወር ከሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ጋር

የንባብ ጓዶቼ፣ ጥር ላይ «አሜሪካዊው ጸሐፊ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ኩሬ ዳር ስለኖረበት ጊዜ የጻፈውን መጽሐፍ፣ ዋልደንን፣ በእንግሊዝኛው አንብቤ እጨርሳለሁ፤ የደረስኩበትንም እየጻፍኩ አካፍላችኋለሁ» ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ይኸው ሰባት ወር ሆነኝ። መጽሐፉን አንዴ ዘልቄ ሁለተኛውን ዙር ጀምሬያለሁ፤ ሦስት ደብተርም ሞልቷል። ከመካከላችሁ ልትጀምሩት ያሰባችሁ ስላላችሁ፣ የት የት እንደተያዝኩና ምን እንዳላቀቀኝ ልንገራችሁ።

አነሳሴ ላይ ተሳስቻለሁ። ቶሮ የሚመደብበት ጎራ ትራንሰንደንታሊዝም ይባላል። እኔም ፍልስፍናውን አስቀድሜ ልረዳ ብዬ ወደ ታላቅ ወዳጁ ወደ ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን ሄድኩ። ኤመርሰን በ1832 የቦስተን ሰባኪነቱን ትቶ የወጣ፣ በ1836 «ተፈጥሮ» የተባለችውን ትንሽ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው። እንደገባኝ ከሆነ የጎራው እምነት፣ ሰው እውነትን ከሰባኪና ከመጽሐፍ ብቻ አይቀበልም፤ በገዛ ልቡናው፣ ተፈጥሮንም በማስተዋል ራሱ ይደርስበታል የሚል ነው። ይህን ደብተሬ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ አሰፈርኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደጋግሜ ባነበውም አንዳች ጠብ አላለልኝም።

ያላቀቀኝ የወጪ ዝርዝር ነው። ቶሮ በ1845 ማሳቹሴትስ ውስጥ ከተወለደባት ከኮንኮርድ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ዋልደን ኩሬ ዳር፣ በኤመርሰን መሬት ላይ ቤት ሠርቶ ጁላይ 4 ቀን ገባ። (ኩሬ ስላችሁ ክረምት የቋጠረው ውሃ እንዳይመስላችሁ። ከ60 ኤከር በላይ ነው፤ እኛ ብንሆን ሐይቅ ነበር የምንለው።) በመጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ ለቤቱ ያወጣትን እያንዳንዷን ሳንቲም ደርድሯታል። ሚስማር፣ 3 ዶላር ከ90። አንድ ሺህ አሮጌ ጡብ፣ 4 ዶላር። ኖራ፣ 2 ዶላር ከ40፤ አጠገቡ «ውድ ነበር» ይላል። ለልስን የሚገባ ፀጉር፣ 31 ሳንቲም፤ «ከሚያስፈልገኝ በላይ»። ጠመኔ፣ 1 ሳንቲም። ማጓጓዣ፣ 1 ዶላር ከ40፤ «ብዙውን በጀርባዬ ተሸክሜዋለሁ»። ድምሩ 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል። የተማረበት የሃርቫርድ ኮሌጅ ተማሪ ከዚህ ቤት ጥቂት ለምትበልጥ ክፍል ኪራይ ብቻ በዓመት 30 ዶላር እንደሚከፍልም ያስታውሰናል።

የነቃሁት እዚህ ላይ ነው። የሰውየው ሀሳብ ሂሳቡ ውስጥ ነው ያለው። ከዝርዝሩ ብዙም ሳይርቅ፣ የአንድ ነገር ዋጋ ማለት አሁኑኑም ሆነ ውሎ አድሮ በለውጡ የምንሰጠው የሕይወታችን መጠን ነው ይላል። እኔ ደብተሬ ላይ «ሕይወት» የሚለውን ሰርዤ «ዕድሜ» አልኩት፤ በአማርኛ ሲከፈልና ሲያልቅ የሚታየው ዕድሜ ነውና። ፓርኪንግ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው። ያን ሰሞን አዲስ ስልክ ልገዛ ዋጋውን አጣርቼ ነበር። በዶላር ሳይሆን በሌሊት አሰላሁት፤ አሥራ አንድ ሌሊት ሆነ። የድሮው ስልኬ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው።

ይኸው የሂሳብ መንገድ ባቡሩንም ይዳኛል። ቶሮና ጓደኛው ወደ ፊችበርግ ከተማ ማን ቀድሞ ይደርሳል ብሎ ያሰላል። መንገዱ 30 ማይል ነው፣ የባቡሩ ታሪፉ 90 ሳንቲም፤ ይህም የአንድ ቀን ምንዳ ሊሆን ጥቂት የቀረው። እንግዲህ ቶሮ በእግሩ ይነሳል፤ ጓደኛው ግን ለታሪፉ መጀመሪያ መሥራት አለበት፤ ቀድሞ የሚደርሰው እግረኛው ነው። እኔ ይህን ያነበብኩት በዚያው በፊችበርግ መስመር ባቡር ላይ ተቀምጬ ነው። መስመሩ ዛሬም ኩሬውን ታክኮ ያልፋል። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ቀና ስል ውሃው በመስኮቱ በኩል ታየኝ።

ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ አንድ ቃል ነው። ሁሉም ሰው የሚጠቅሰው ዓረፍተ ነገር አለ፤ ወደ ጫካ የሄድኩት «ዴሊበሬትሊ» መኖር ስለፈለግኩ ነው የሚለው። ይህን በአማርኛ ምን ልበለው? «ሆን ብዬ» ጻፍኩ። ግን በእኛ አፍ ሆን ብሎ የሚደረግ ነገር ብዙ ጊዜ ክፋት ነው፤ «ሆን ብሎ ሰበረው» እንጂ «ሆን ብሎ ኖረ» አንልም። «እያወቅኩ» ብል ጥፋትን ማመን ይመስላል። «አስቤበት» ጥሩ ነው፣ ግን ውሳኔን ይነግራል እንጂ አኗኗርን አያሳይም። ኋላ ትልቁን መዝገበ ቃላት ስገልጥ ሥሩን ከላቲኑ «ሚዛን» ጋር ያያይዘዋል። «እየመዘንኩ ልኖር» ብዬ ጻፍኩና ደብተሩን ዘጋሁ። የተሻለ ያላችሁ ንገሩኝ፤ እኔን ግን ለጊዜው ይኸኛው አሳርፎኛል፣ ከኖራውና ከሚስማሩ ጋር አብሮ ይሄድልኛልና።

ሁሉም ነገር ግን አልተመቸኝም። ለቤቱ የሚሆነውን ሳንቃ የገዛው ጄምስ ኮሊንስ ከሚባል የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ አየርላንዳዊ ጎጆ ነው፤ በ4 ዶላር ከ25። ቤተሰቡ በማግስቱ ጠዋት 11 ሰዓት ለቆ መውጣት ነበረበት፤ ቶሮ 12 ሰዓት ላይ ሊረከብ። መንገድ ላይ ተላለፉ። ንብረታቸው ሁሉ አንድ ትልቅ ጥቅል ነበር፤ አልጋ፣ የቡና ወፍጮ፣ መስታወት፣ ዶሮዎች። ድመቷ ብቻ ወደ ጫካ ገባች። ይህችን የቡና ወፍጮ ሳነብ ቆምኩ። እኔም ሁሉን ነገሬን በሁለት ሻንጣ ይዤ የመጣሁ ሰው ነኝ። ቶሮ የሳንቃውን ዋጋ በትክክል መዝግቦታል፤ እነዚያ ሰዎች ያን ሌሊት የት አደሩ ብሎ ግን አይጠይቅም። ሌላ ምዕራፍ ላይም ጆን ፊልድ የተባለውን ድሃ አየርላንዳዊ ሻይህን፣ ቡናህን፣ ቅቤህን ተው እያለ ይመክረዋል። ለሚስት፣ ለልጅ የሚያስብን ሰው እንዲህ መምከር ቀላል ነው። መጽሐፉን ለአንድ ሳምንት አስቀመጥኩት።

ወደ መጽሐፉ የመለሰኝ የቶሮ ሕይወት ሌላው ገጽ ነው። ቤተሰቡ ከባርነት ለሚያመልጡ ሰዎች መጠጊያ ነበር። እሱም በጁላይ 1846 ባርነትን ለሚደግፍ መንግሥት የነፍስ ወከፍ ግብር አልከፍልም ብሎ አንድ ሌሊት ታስሯል፤ ሌላ ሰው ከፈለለትና በማግስቱ ወጣ። ከዚያች ሌሊት የተነሳው በ1849 የታተመ ጽሑፉ ጋንዲና ማርቲን ሉተር ኪንግ እጅ ደርሷል። ስለዚህ ጽሑፍ ለብቻው እመለስበታለሁ፤ አሁን የያዝኩት ሌላ ነው።

እሱም ልኬቱ ነው። የኮንኮርድ ሰዎች ዋልደን ወለል የለውም ይሉ ነበር። ቶሮ በ1846 መጀመሪያ፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣ ኮምፓስና የመለኪያ ሰንሰለት ይዞ ወጣ፤ በዓሣ ማጥመጃ ገመድ አንድ ድንጋይ አስሮ ከመቶ በላይ ቦታ ላይ ለካው። ጥልቁ ቦታ 102 ጫማ ሆነ፤ 31 ሜትር ግድም። በረዶው ሙሉ በሙሉ የለቀቀበትንም ቀን ጽፏል፤ በ1845 ኤፕሪል 1፣ በ1846 ማርች 25፣ በ1847 ኤፕሪል 8፣ በ1852 ደግሞ ኤፕሪል 18። ኩሬው ዳር የኖረው ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ነው፤ ወደ ውሃው መመለሱንና መመዝገቡን ግን አልተወም። የዕለት ማስታወሻውን የጀመረው ኦክቶበር 22 ቀን 1837፣ ሃያ ዓመቱ ላይ ነው። «ማስታወሻ ትይዛለህ?» ተብሎ ተጠየቀ፣ በዚያኑ ዕለት የመጀመሪያውን ጻፈ፤ ከዚያ ሳንባ ነቀርሳ በ1862፣ በ44 ዓመቱ እስኪገድለው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቀጠለ። አበቦች የፈኩበትን ቀን ዓመት በዓመት ስለመዘገበም፣ በዘመናችን የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያንኑ ከዛሬው ጋር አስተያይተው ብዙዎቹ አሁን ቀድመው እንደሚያብቡ አሳይተዋል።

እኔም ከየካቲት ጀምሮ ፓርኪንጉ በር ላይ ያለችውን አንዲት የሜፕል ዛፍ እመዘግባለሁ። ፈረቃዬን ስጨርስ ሁለት መስመር፣ ከዚያ በላይ አልጽፍም። መጀመሪያ «ቆንጆ ነች»፣ «ዛሬም ቆንጆ ነች» እያልኩ ነበር። ቶሮን ካየሁ በኋላ ቅጽሉን ትቼ ቁጥር ጀመርኩ፤ ስንት እንቡጥ፣ በየትኛው ቅርንጫፍ፣ በስንት ሰዓት። አራት ዓመት በሥሯ ሳልፍ ቅጠሏ ከመውጣቱ በፊት ቀይ አበባ እንደምታወጣ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከፖርተር ስኩዌር ጣቢያ ባቡር ተሳፍሬ ኮንኮርድ ወረድኩና እስከ ኩሬው በእግሬ ሄድኩ። ቤቱ የለም፤ የነበረበት ቦታ በ1945 ተገኝቶ በድንጋይ ምሰሶዎች ታጥሯል፣ አጠገቡ ጎብኚዎች የከመሩት የድንጋይ ቁልል አለ። 10 በ15 ጫማ የሚለውን በእርምጃዬ ለካሁት፤ አራት በስድስት ሆነ። ማታ ስመለስ ተከራይቼ የምኖርባትን ክፍል በዚያው እርምጃ ለካሁ። አምስት በስድስት ናት። ደብተሬ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፍኳቸው፣ ከሥራቸው የወሩን ኪራይ በሌሊት ቁጥር።